በግራ በኩል ሁለት ሴንቲ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ብርድ ሲገባ የሚይዝህ ሳል ለቀቀህ? ምግብህንስ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ እንደ ድሮህ ቆመህ? ስልክህን ከለወጥክ ወዲህ በእጄ ያለው የፖስታ ሳጥን ቁጥርህ ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ደብዳቤ እጅህ ይግባ አይግባ እንኳ አላውቅም። እኔ በጤና አለሁ። እዚያው ልብስ ስፌት ቤት፣ እዚያው መስኮት አጠገብ ነው የምሠራው። ዓይኔ ግን ደክሞ መርፌ ላይ ክር የማስገባው በመነጽር ሆኗል። አትሳቅ።

ስለ መኪናዋ ልንገርህ። ያቺ ተፈታታ በሣጥን የመጣች፣ ሻንሲዋን ግን አንተና አባባ ከባዶ የቱቦላሬ ብረት የሠራችሁላት መኪና፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ሸራ ለብሳ ጋራዡ ውስጥ ተቀመጠች። አባባ በአጠገቧ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ሐኪሙ ከባድ ነገር አያንሱ ካላቸው በኋላ ግን አንድ ጠዋት ሸራውን ገፈው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነይ ግራይንደሩን ያዢ አሉኝ። እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ ብላቸው፣ ብረትም ይሰፋል አሉኝ። ይህን የሰሙት የሰፈሩ መካኒኮች ብረት ሰፊዋ ብለው ስም አወጡልኝ።

መጀመሪያ ያስቆረጡኝ የኋላ ጎማዎቹን የሚሸከሙት ክንዶች የሚታሰሩባቸውን ጆሮዎች ነው። አንተ የበየድካቸውን ማለቴ ነው። ብየዳህ እንዴት ያምር ነበር፤ ስቆርጠው እጄ አልታዘዝ አለኝ። ጠማማ የነበረው እኮ ቦታው እንጂ ብየዳው አልነበረም።

እንግዲህ ስሸሸው ወደኖርኩት ነገር ልምጣ። የአባባ ሜትር ጫፉ ተሰብሮ ከሁለት እንደሚጀምር ታውቃለህ። አዲስ እንግዛ ስንላቸው፣ ሁለት መደመር ያቃተው ሰው ሜትር አይያዝ ይሉን ነበር። ሠላሳ አራት ከተፈለገ ሠላሳ ስድስት ላይ ይሰመራል፤ በቤታችን ይህን የማያውቅ አልነበረም። ጆሮዎቹ በሚበየዱበት ቀን አንተ መበየጃውን ስታዘጋጅ ሜትር ይዤ በጠመኔ ያሰመርኩት እኔ ነኝ። በቀኝ በኩል ሠላሳ ስድስት ላይ አሰመርኩ። በግራ በኩል ሠላሳ አራት ላይ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ በደህናው ሜትር ደንበኛ ስለካ ውዬ ነበር የመጣሁት፣ እጄ ረሳ። አንተም አምነኸኝ መስመሩ ላይ በየድክ።

መኪናዋ መጀመሪያ ስትገፋ አንድ ጎኗን አስቀድማ ስትሄድ ያየ ሁሉ ሳቀ። አባባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እጅህ ጠማማ ነው፣ ከእንግዲህ ብረቴን እንዳትነካ ሲሉህ፣ ሜትሩን ማን ያዘው ብለህ አልጠየቅህም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ አየህ። እኔ ጠመኔ የነካ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ። በሳምንቱ ስትሄድ ልብስህን አጣጥፌ ሻንጣህ ውስጥ የከተትኩልህም እኔው ነኝ። እንዴት እንደቻልኩት አላውቅም።

ከዚህ የባሰ አለ። ሥራውን ከጀመርን ወዲህ አባባ ለወንድምሽ ጻፊለት ይሉኝ ጀመር። የኋላው ሊገጠም ነው፣ መጥቶ ያግዘን በይው ይሉኛል። ጽፌያለሁ አልኳቸው። አልጻፍኩም። አንተ ከመጣህ የሜትሩ ነገር መነሳቱ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። በየሳምንቱ መልስ መጣ ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔም ፖስታ ቤት ደርሶ እንደመጣ ሰው ገና ነው እላቸዋለሁ። ልጄ ተቀይሞኛል ይላሉ። አራት ወር ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። ራሴን ጠላሁት፣ ግን አልተውኩም።

ክንዶቹን፣ ሞላዎቹንና አሞርዛተሮቹን ገጥመን የጨረስነው ማክሰኞ ዕለት ነው። ቡሎኖቹን ላጠብቅ ቁልፍ ሳነሳ አባባ ጮኹብኝ። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ከጠበቀ ክንዱ ውስጥ ያለው ላስቲክ እንደተጠመዘዘ ይቀርና በወሩ ይቀደዳል አሉኝ። ከክሪኩ ትውረድ፣ የሚነዳት ሰው ይቀመጥባትና ክብደቱን ትያዝ፣ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው አሉ። ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ሞላው ንቅንቅ አላለም። ወንድም ጋሼ፣ ሞተር ለብቻቸው ያወርዱ የነበሩት አባባ እንደ ሕፃን ቀለው ነበር። እኔማ ለሚዛንም አልበቃሁ ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከዚያ፣ አሸዋ በጆንያ መዝኝ፣ ሰባ ሁለት ኪሎ አሉኝ። ለሥራ ስትመረመር የተመዘንካት ናት፤ እስከዚያን ቀን በልባቸው ይዘዋት ነበር።

ጆንያዎቹን መንጃው ወንበር ላይ ስጭን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አለች። ሥር ገብቼ ሳጠብቅ የአባባ ድምፅ ከላይ መጣ። ሜትሩን የያዝሽው አንቺ መሆንሽን እሱ በሄደ ማግስት ለክቼ አውቄያለሁ አሉኝ። ለምን ዝም አሉ አልኳቸው። አንቺን ብናገርሽ ትሰበሪያለሽ፣ እሱ ይችለዋል፣ ንዴቱ ሲበርድ ይመለሳል ብዬ ነው አሉ። ቆይተውም፣ ደግሞ በሰው ፊት የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ አቃተኝ አሉ። እዚያው ሥር እንደተኛሁ አለቀስኩ። ውጪም ብለው አልጠሩኝም። ስወጣ፣ ያ ደብዳቤ ሳይደርሰው ቀርቶ ይሆናል፣ ሌላ ጻፊና ጥፋቱ የአባትህ ነው በይው አሉኝ።

በዚያው ዕለት ወረቀት አውጥቼ ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር ጻፍኩና ነገ እጨርሰዋለሁ ብዬ ተውኩት። ነጋና ለመጻፍ የሚሆን ቀን አልሆነም። በማግስቱም አልሆነም። ደጃፋችን ላይ ድንኳን ተተከለ፣ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ወንበር ከጎረቤት ተውሰን እንኳ አልበቃ አለ። መካኒኮቹ ሁሉ ሥራቸውን ዘግተው መጡ። ስላንተ የጠየቀኝ ብዙ ነው፤ መንገድ ላይ ነው እያልኩ ያንንም ዋሸሁ።

ጥፋቱ የአባትህ ነው በይው ያሉኝን ይኸው ነግሬሃለሁ። እኔ ግን የእኔ ነው እላለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ይህን ከአራት ወር በፊት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ ተነሥተህ ድረስ እልህ ነበር። አሁን ቶሎ ና አልልህም። ሥራህን አስፈቅደህ፣ ሲመችህ ና። በቀን ተጓዝ፣ አትቸኩል።

እግዚአብሔር ከክፉ ይጠብቅህ፤ ጤናህን አይንሳህ። ይህን ስታነብም አጠገብህ ሰው አያሳጣህ።

ታናሽ እህትህ