የካላንደሩ ቀይ ነጥቦች

ለልጄ እናት፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኅትሽስ ደኅና ናት? ደጃፍ ላይ የተናገረችኝን ባልረሳውም ሰላም በይልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። ሰላምታ ሳታደርስ ወደ ነገር ትገባለህ እያልሽ ስለምትከሺኝ፣ ይኸው ሰላምታ። አሁን ወደ ነገሩ።

እኅትሽ ቤት ትንሽ ልረፍ ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ መቼ እንደምትመለሺ አልነገርሽኝም። ያዘዝሽኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ውርጭ ሳይገባ ነጭ ሽንኩርቱን ጨረቃ ስትጎድል ትከል፤ ስትተክልም አትጩህበት። ሃያ ስድስት ዓመት ስታትስቲክስ ያስተማረ ሰው ለሽንኩርት ጨረቃን እንደሚያማክር ተማሪዎቼ ቢሰሙ፣ ዲግሪያቸውን መልሰው ይልኩልኝ ነበር። ቢሆንም ከመሣሪያ ቤቱ በር ጀርባ የለጠፍሽውን የጨረቃ ካላንደር አጠናሁት። ሥራ ከተሠራ በሥርዓት ነው።

ካላንደሩ ላይ በእጅሽ ያደረግሻቸው ቀይ ነጥቦች አሉ። አንዳንዱ ሳምንት አንድ፣ አንዳንዱ አራት። ማብራሪያ የለውም! ሰንጠረዥ ያለ ማብራሪያ ዋጋ የለውም ያልኩሽ ስንት ጊዜ ነው? አስቤ አስቤ፣ አፈር የማይነካባቸው ቀኖች መሆን አለባቸው አልኩ። ነጥቦቹ ደግሞ አንቺ በሄድሽበት ቀን ያበቃሉ። ሥራ ጀምረሽ ጥለሽ በመሄድሽ ተናድጄ፣ የቀሩትን ወራት ቁጭ ብዬ በቀመር አሰላሁልሽ።

እናም ታዘዝኩ። ቀመሩ ቀይ ባለ ቀን ሁሉ ጓንቴን አውልቄ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ቅጠሉ ረግፎ መንገዱን ዘጋው፤ ካሮቱ ሳይነቀል ተሰነጣጠቀ። ጎረቤታችን፣ ያ ጡረተኛው ሾፌር፣ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ፣ መምህር፣ መሬቱ ፈርሞ እስኪሰጥዎት ነው የሚጠብቁት? አለኝ። የመለስኩለትን አልጽፍልሽም።

እሑድ ልጃችን መጣች። መሣሪያ ቤቱ በር ጋ ወስጄ ቀመሬን አስረዳኋት። አካፋው ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። አባዬ፣ ይሄ እኮ የሽንኩርት አይደለም፣ ያንተ ነው አለችኝ። እማዬ የጮህክባትን ቀን ነው ምልክት የምታደርገው፤ ጩኸቱ ከጨረቃዋ ይሆን እንዴ እያለች።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ቀዩ እስክሪብቶ ከካላንደሩ አጠገብ በክር ተንጠልጥሏል። አፌን ዘጋሁ።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ በወጉ ፈተሽኩት። ሰማንያ ሰባት ነጥብ። ሙሉ ጨረቃ፣ ግማሽ ጨረቃ፣ ጨለማ፣ በሁሉም እኩል ተበትነዋል። አንድ ቀን ላይ ሁለት ደራርበሻል፤ የሾርባው ቀን መሰለኝ። ሾርባው በእርግጥ ጨው አልነበረውም። ቢሆንም።

ጨረቃዋ ንጹሕ ናት። ይህን በጽሑፍ አረጋግጬልሻለሁ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ተጠርጣሪ አልቀረም።

ሐሙስ ጨረቃዋ መጉደል ስትጀምር ተንበርክኬ መትከል ጀመርኩ፤ በማስመሪያ፣ በየአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትሩ። አንድ ሙሉ መስመር እንደጨረስኩ ሾፌሩ ብቅ አለና፣ መምህር፣ ሹሉ ጫፍ እኮ ወደ ላይ ነው፣ ሁሉንም ዘቅዝቀዋቸዋል አለኝ። አመሰገንኩት። ደንግጦ፣ አሞዎታል እንዴ? አለኝ። ነቅዬ እንደገና ተከልኩ።

ግማሹ መደብ ባዶ ነው። ዘሩ አላለቀም፤ ጨረቃዋ ገና አሥር ቀን ትጎድላለች፤ ውርጩም አልገባም። ከእሑድ ወዲህ ምልክቱን የምይዘው እኔ ነኝ፤ ካላንደሩ ላይ አንድም ነጥብ የለም። ሆኖም የሚጮህበት ሰው በሌለበት ቤት ይህ ማስረጃ አይሆንም፤ ናሙናው ጎደሎ ነው። እስክሪብቶው አንቺ ባሰርሽበት ክር ላይ ነው። ቀለም እንዳለው ሞክሬዋለሁ።

ጤና ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ከውጭ በር እስከ ደጃፉ ያለውን ቅጠል ሁሉ ጠርጌዋለሁ። ሲረጥብ ያንሸራትታል።

የልጅሽ አባት