ያልታረሰችውን ጉብታ ባዶ ናት ላሉን ኃላፊ

ለተከበሩ የክፍት ቦታዎች ማልሚያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ፎቅ ላይ ስለሆነ የክረምቱ ጎርፍ እንዳልደረሰብዎ አምናለሁ፤ እኛ ከታች ያለነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የረጠብነው እስከ ጉልበታችን ብቻ ነው።

እኔ አገኘሁሽ መንግሥቴ፣ ለሩዝ መጋዘን ከተሰጠችው ጉብታ አጠገብ የምኖር፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለአንዲት ፊርማ ሲባል በየቀኑ የምፈለግ ሴት ነኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ተፈልጌ አላውቅምና አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬንም በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ጉብታዋን አርሶ አደሩ ሳያለማት የተዋት ባዶ መሬት ብለው መዝግበዋታል። ከሌላ አገር ስለመጡ አይፈረድብዎትም። ፎገራ ላይ ግን ሰው ለሩዝ ሲል የጓሮውን ቦይ እንኳ ያርሳል፤ በአንድ ክንድ ድንበር ወንድምና ወንድም ይካሰሳል። እንዲህ ያለ ሕዝብ አንዲትን ጉብታ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በሬ ሳያስረግጥ ሲተዋት ስንፍና ይዞት ነው ብለው ማመንዎ ይደንቃል። ታቦት የነበረበት ቦታ አይታረስም፣ ክቡር ሆይ። አባቴ ሞፈሩን ተሸክሞ ዞሮ ያልፋት ነበር፤ ለምን ስንለውም ቤተ ክርስቲያን ነበረባት ይባላል ከማለት ሌላ አይናገርም። እነሆ ስላከበርናት ተቀማናት።

፪. ስካቫተሩ የመጋዘኑን ቦይ ሲቆፍር የጥርብ ድንጋይ ግንብ ብቅ አለ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት አጥኚዎች ሁለት ቀን ተንበርክከው አፈሩን ጠረጉና፣ የጥንት ክርስቲያኖች ሕንፃ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳይጠና አይነካ ብለው ጽፈው ሄዱ። የእርስዎ ባለሙያ ግን ከመኪናው ሳይወርድ የጣሊያን ጊዜ የከብት በረት መሆኑን ደረሰበት። ዓይን ማለት እንዲህ ነው! መቅደሱ በስተምሥራቅ የተከፈለ፣ የበሩ ጉበን ላይ መስቀል የተቀረጸበት በረት! የፎገራን ላም እናውቃታለን፣ አብረናት ነው ያደግነው፤ ወተቷ ይመሰገናል እንጂ ማኅሌት ስትቆም አላየናትም።

፫. ቅርስ አለመኖሩን እኔ ነዋሪዋ አረጋግጣለሁ በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ካልፈረምሁ የቤቴን ካርታ እንደማይሰጡኝ መልእክት ልከውብኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርሁበት ቤት ነው። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ባሌ ሀይለየሱስም ፈርሚና እንረፍ ብሎኝ ነበር፤ ከዚያ ሄዶ ግንቡን አየና ሲመለስ እስክሪብቶውን ራሱ ደበቀው።

ስለዚህ አልፈርምም። ካርታውን ይያዙት፤ ያየሁትን አላየሁም አልልም። ቀን ያልፋል፣ ትዝብት ይቀራል። ሰኞ አፈር ሊደፉበት ሲመጡ ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል። ጎረቤቶቼ እነ ባየች፣ እነ አያ ይሁኔም በርጩማቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ለእርስዎም አንድ ትርፍ አለ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለባለሙያዎ ደግሞ ከመኪና መውረድን አጥብቃ የምትመኝ፣

አገኘሁሽ መንግሥቴ
(እዚህ ላይ በደስታ ፈርሜያለሁ)

ማሳሰቢያ፦ ለመጋዘኑ የመሠረት ድንጋይ የሚያስቀምጡ የክብር እንግዳ መጋበዝዎን ሰማሁ። እንግዳው በከንቱ እንዳይደክሙ ይንገሩልኝ፤ መሠረቱ ከተጣለ ከሺህ ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም፣ የጣሉትም ሰዎች ስማቸውን ሳይጽፉበት ነው የሄዱት።