ባላባት ብቻውን አይበላም

ሐሙስ፣ ጥር 4 ቀን 2009 ዓ.ም. መቐለ፣ ሰሜን

ዛሬ ምንም አዲስ ነገር የለም። ስለ ስምጥ ሸለቆ አስተማርኩ። ግማሹ ተማሪ ተኝቷል፣ ግማሹ ተራውን ይጠብቃል። አልፈረድኩባቸውም፤ እኔም እያስተማርኩ አዛግቻለሁ።

ቤት ስገባ ባላባት ደፉ ላይ ተዘርግቷል። ሊቀበለኝ እንዳይመስልህ... ፀሐይዋን ፈልጎ ነው። ይህ ድመት እዚህ ግቢ ከገባ ጀምሮ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። አይጥ ብታልፍ መንገድ ይለቅላታል። ስሙን ያወጡለት አከራዬ ለተመድህን ናቸው፣ እንደ ሠፈሩ ሁሉ ኣደይ፣ እናቴ፣ የምላቸው። "ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል። ባላባት እንጂ ይሄ ምኑ ድመት ነው?" ብለው።

ደግሞ አመሉ! ብቻውን አይበላም። ሳህኑን ሞልተህ ዘወር ብትል አፍጥጦ ያይሃል እንጂ አይነካውም። ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሆነ ነገር ማላመጥ አለበት። ከደብረ ብርሃን ከመጣሁ ወዲህ ብቻዬን ስበላ የኖርኩ ሰውዬ፣ ይኸው በድመት ምክንያት የማዕድ ጓደኛ አገኘሁ።

ሰሞኑን ግን ውሃ አበዛ። ሙቀት ይሆን? በጥር?

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ባላባት ከስቷል። ስዳብሰው አጥንቱ እጄ ላይ ይቆጠራል። የሚበላውን ግን አልቀነሰም። ጭራሽ ብሶበታል! ዛሬ አጥሩ ላይ ሊዘል ሞክሮ ከግማሽ ወደቀ። አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞርኩለት። የኋላ እግሮቹ ደግሞ ተረከዛቸው መሬት እየነካ ይጎተታሉ።

ከሰዓት ኣደይ ለተመድህን ከሮቶው ሥር ጎንበስ ብለው ቀሩ።

"ታመነ ወደይ፣ ና እስቲ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ባላባት የሸናበት አሸዋ በጉንዳን ተሸፍኗል። ጉንዳን ብቻ!

"ስኳር ነው" አሉ። "የኔም እንዲህ ነው የታወቀው።"

"ኣደይ፣ ድመትን ስኳር ይይዘዋል እንዴ?"

"ባላባት አይደል? በሽታውም የሀብታም ነው።" ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን አላሳቀኝም።

ሰኞ፣ ጥር 15

በካርቶን አድርጌ በባጃጅ ወሰድኩት። የእንስሳት ሐኪሙ ስብሓት ይባላል፣ ወጣት ነው። ወረፋው ላይ አህያ፣ ጥጃ፣ አንዲት ፍየል... እና እኔ፣ ካርቶን ታቅፌ።

"መምህር፣ ስለ በሬ ይጠይቁኝ" አለኝ። "ስኳር ያለበት ድመት ግን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁም።"

መቼም ደግ ልጅ ነው። ጆሮውን ወግቶ ለካው። መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት "ከፍተኛ" ብሎ ቀረ። ኢንሱሊን ካልተወጋ ብዙ አይቆይም አለኝ። በሰው መድኃኒት፣ በጣም በትንሹ፣ ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይወጋ። ሳይበላ ከተወጋ ስኳሩ ወርዶ ይሞታል። ሲንገዳገድ ካዩ ድዱን ማር ይቀቡት አለኝ።

ይሞታል ሲል ደንግጬ ካርቶኑን ዘጋሁት። ባላባት እንዳይሰማ... አይ ታመነ! ድመት እኮ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ዓይደር ሆስፒታል ሄድኩ፣ መድኃኒት ልገዛ። ፊዮሪ የምትባል ፋርማሲስት ወረቀቱን አየች።

"ታካሚው ዕድሜው?"

"ስምንት።"

"ውይ፣ ሕፃን ነው! ክብደቱስ?"

ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ሌላ ምን ላደርግ? ድመት ነው አልኳት። ሳቋ እስኪያልቅ የቆመው ሰልፍ ሁሉ እኔን ያያል። አንድ ሽማግሌ "እግዚአብሔር ይማርልህ" አሉኝ፣ ከልባቸው። አሜን አልኩ፣ ምን ይደረጋል።

ረቡዕ፣ ጥር 17

ዛሬ ወጋሁት! ማለቴ... መጀመሪያ የራሴን አውራ ጣት ወጋሁ፣ ከዚያ ጋቢዬን፣ ከዚያ እሱን። ኣደይ ለተመድህን በሳቅ ሊሞቱ። "ቆዳውን ቆንጠጥ፣ እንዲህ፣ ድንኳን አስመስለው" እያሉ በራሳቸው ሆድ አሳዩኝ። ባላባት ጉበቱን እየዋጠ ስለነበር ዞሮም አላየኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 24

ተለውጧል! ውሃ ቀንሷል። ዛሬ ሊቧጭረኝ ሞከረ፣ ተመስገን።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ጠዋት ጠዋት ሦስታችን ግቢ ውስጥ እንሰበሰባለን። እኔ ባላባትን፣ ኣደይ ራሳቸውን እንወጋለን። ዛሬ የጾም ቀን ነው፤ እኔ ከሁዳዴ ሌላ ስለማልጾም ለባላባት አላመጥኩለት። ተወግተው ሲያበቁ ምንም ሳይቀምሱ ነጠላቸውን ለብሰው ቁጭ አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲሁ ናቸው ማለት ነው?

"ኣደይ፣ ሐኪሙ ብሉ አላለም? አይርብዎትም?"

ፊታቸው ተለወጠ። "ታመነ ወደይ፣ በሰባ ሰባት ልጆቼን ይዤ እዚሁ መቐለ መጠለያ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ 'ራበኝ' የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ጠግቤ ስኖር ራበኝ ብል ነውር ነው።"

የባላባትን ሳህን አነሣሁ።

እሑድ፣ ጥር 28

ነገ እዚሁ ከተማ፣ ዓዲ ሓቂ፣ የመምህራን ሥልጠና አለ፣ በጠዋት። ባላባትን ለኣደይ ሰጠሁ። መርፌውን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

"ሂድ፣ እኔ አለሁለት" አሉኝ። ጉበቱን ቀቅዬ በጣሳ አስቀምጫለሁ። ልቤ ተረጋግቷል።

ሰኞ፣ ጥር 29

ዛሬ መጻፍ አልችልም። ሁለቱም በሕይወት አሉ።

ማክሰኞ፣ ጥር 30

ልጻፈው።

ትናንት መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው ከመንገድ የተመለስኩት። ባልረሳው ኖሮ... አላስበውም።

በሩን ስከፍት ባላባት ከሮቶው ሥር በጎኑ ወድቋል። ለመነሣት ይሞክራል፣ እንደ ሰካራም ተንገዳግዶ መልሶ ይወድቃል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ጉበቱ በጣሳው ውስጥ እንዳለ ነው!

"ኣደይ! አልበላም እንዴ?"

በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። "ነነዌ... እኮ ነው" አሉ፣ ቃሉ እየተጎተተባቸው።

አልገባኝም። ሮጬ ቤታቸው ገባሁ፣ ማሩን ከቁም ሳጥኑ አወረድኩ፣ ድዱን ቀባሁት። አንዴ፣ ሁለቴ። ባላባቴ፣ አትሂድብኝ፣ ዋጥ እባክህ... እንዲህ እያልኩ ነበር። እያለቀስኩም ነበር፣ ማን ያየኛል ብዬ ልደብቀው? ምላሱን አንቀሳቀሰ። ያኔ ነው ቀና ያልኩት።

ኣደይ ለተመድህን ላብ አጥምቋቸዋል። ከንፈራቸው ነጭ። መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወድቋል፣ ጣቶቻቸው ግን አሁንም ይቆጥራሉ። ወደ ግድግዳው ሊያዘነብሉ ነው። እሳቸውም ተወግተዋል፣ እሳቸውም አልበሉም! እኔ ሞኙ ድመቱን አስቀድሜ እሳቸውን አላየሁም።

ማር በማንኪያ ይዤ ሄድኩ። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አፋቸውን እንደ ሕፃን ገጠሙ! "ጾም... ነው።"

"ዘሃራ! ዘሃራ!" ብዬ ጮህኩ። ጎረቤታችን ናት፣ ባሏ ሥጋ ቤት አለው። ሊጥ በእጇ ይዛ ደረሰች። ራሳቸውን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ "ኣደይ፣ ይሄ ምግብ አይደለም፣ መድኃኒት ነው። በጃኺ፣ እባክዎ፣ ለኔ ሲሉ" አለቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ። ከዚያ ሻይ በስኳር፣ ከዚያ ዳቦ። ቀስ እያሉ ተመለሱ። ባላባትም ተመልሶ ጉበቱን ማየት ጀመረ።

ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። ጾመ ነነዌ ትናንት ገባ። ንጉሡ ሰውም እንስሳም እንዳይቀምስ አውጆ፣ ከብቱ ሳይቀር ጾሞ ከተማዋ ዳነች። ኣደይም ባላባት እንዲድን ተስለው፣ አብረው ሊጾሙለት! መርፌውን ግን ሰጥተውታል፤ "መርፌ ምግብ አይደለም፣ ጾም አያፈርስም" ብለው።

ልቆጣ ብዬ ነበር። እንዴት ብዬ ልቆጣ? ለኔ ድመት ብለው ሊሞቱ ነበር እኮ።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ይዤላቸው ገባሁ። አልነኩትም። ቀና ብለው "ድመቱን አስቀድመህ፣ እ?" አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ሳቁ። እኔ ግን ነገ ሳይበሉ መርፌያቸውን ቢያነሡስ እያልኩ እያሰብኩ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 3

የነፍስ አባታቸው ቄስ ገብረጻድቅ መጡ። ዘሃራ ናት ሰው የላከችባቸው፣ እኔ መቼ ደፈርኩ። ሁሉን ሰሙ። ጺማቸውን ዳበሱ። ሳቅ የያዛቸው መሰለኝ።

"ለተመድህን፣ የነነዌ ንጉሥ ከብቶቹን ኢንሱሊን ወግቶ አይደለም ያስጾማቸው።"

"ልክ ነው አባ።"

"ለታመመ ፈቅጃለሁ ብዬሽ ስንት ጊዜ ሆነ?"

"እሺ አባ።"

ያችን "እሺ" አውቃታለሁ። እንቢ ማለት ነው። ዐቢይ ጾም ደግሞ እየመጣ ነው። እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። አንድ ቀን መነጽሬን ባልረሳስ?

ሰኞ፣ የካቲት 13

ሁዳዴ ገባ። ሥጋ ቤቶች ዘጉ፣ የዘሃራ ባል ሲቀር። ኣደይ በጾም የሥጋ ጢስ ማድቤታቸው እንዳይገባ ስላሉ፣ ጉበቱን ውጪ፣ ከአጥሩ ጥግ ቀቀልኩት።

ሳህኑን አቀረብኩ። ባላባት ተቀመጠ። ጉበቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ኣደይን አየ። የሚያላምጥ የለም! ሁለታችንም ጾመኛ። ካልበላ አልወጋውም፣ ካልተወጋ... ሰዓቱም ሄደ።

በአፌ ባዶውን አላመጥኩለት። በንቀት አየኝ። ወይ ጉድ! ጾሜን ላፈርስ ዳቦ ልቆርስ እጄን ስዘረጋ ኣደይ እጄን ያዙ።

"ተው። አንተ ጤነኛ ነህ፣ ጹም።" ሕምባሻውን ራሳቸው ቆረሱ። "ለሱ ብዬ ነው፣ እወቅ። ለሱ ነው።"

"አውቃለሁ ኣደይ።"

ማላመጥ ጀመሩ። ባላባትም ጎንበስ አለ። ሁለቱም ሲበሉ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከዚያ ሁለቱም ተወጉ። እኔ ፊቴን ወደ አጥሩ አዙሬ ነው የሳቅኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ስሜ ጠፋ። ጥቁር ፌስታል ይዤ ከዘሃራ ባል ሱቅ ስወጣ አይተውኛል። "መምህር ታመነ በሁዳዴ ሥጋ!" ሠፈሩን አዳርሷል። አንዱ ባልደረባዬ ዛሬ ሻይ ቤት "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ብሎ ወረፈኝ። የኔማ ድመት መመንኮስም አላሰበ አልኩት። አልገባውም።

ኣደይ ለጎረቤት ሁሉ እያስረዱልኝ ነው፤ "ለድመቱ ነው፣ እኔም ጠዋት የምቀምሰው ለድመቱ ብዬ ነው።" ማንም አልጠየቃቸውም እኮ! በየቀኑ ግን ቁራሿ እየወፈረች ነው፣ ዓይኔ ካልዋሸኝ።

ዓርብ፣ የካቲት 24

ስብሓት ለካው። ወርዷል፣ ደህና ነው። መዳን አልተባለም፣ መርፌውም አይቀርም። እየኖረ ነው ግን። ኣደይም ለቀጠሯቸው ዓይደር ሄደው ነበር። "ምን አድርገው ነው ስኳርዎ የተስተካከለው?" ብሏቸዋል ሐኪሙ። ድመት አስታምማለሁ አሉት! ምን ብሎ ጻፈ ይሆን?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 5

ትናንት ማታ የፈተና ወረቀት ሳርም አምሽቼ እንቅልፍ ጥሎኛል። ዛሬ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ተንኳኳ ማለት ሊሰበር ደረሰ።

"ታመነ! ተነሣ ወደይ!"

ባላባት? ወይስ እሳቸው? ጋቢዬን እየጎተትኩ ከፈትኩ።

ኣደይ ለተመድህን ሕምባሻቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። ባላባት አጥሩ ላይ ነው፣ በራሱ ዘሎ ወጥቶ! ጅራቱን ቀጥ አድርጎ ቁልቁል ያየኛል።

"ምን ሆኑ ኣደይ? ምን ተፈጠረ?"

"ምን ይፈጠራል?" አሉኝ ተቆጥተው። "ርቦናል!"

መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ ጉበቱን ልጥድ ሮጥኩ።