ዱራሜ ላይ የተከፈተው ቤትህ

ሚኪዬ፣

እግርህ በጀሶ ስለታሰረ በእኔ ቦርሳ የላክኸውን የመጠጥ ቤት ጨዋታ እነሆ ዱራሜ፣ በእናትህ በረንዳ ላይ ዘረጋነው። የሐምበሪቾ ተራራ ጉም አጥሩን ተሻግሮ እግራችን ስር ተኝቷል። ማዘር «በእኔ ቤት መጠጥ?» ብለው ቢራውን ሁሉ ወተት አሉት፤ ላንተም እንደኛው የራስህ መጠጥ ቤት የሆነ አንድ ሰሌዳ አስቀመጡ።

አንድ ዳይስ ለራስ ወስዶ የቀሩትን ከጎን ላለው ማሳለፍ ነው አልኳቸው። እኔና አንተ አዲስ አበባ ስድስት የወጣባትን ለመንጠቅ እንጋፋ የለ? እዚህ ግን ከቀረበ ሳህን ትልቁን ቁራሽ ማንሳት ነውር ነው። ማዘር ትንሿን አንስተው ለእህትህ ለሰሎሜ፣ እሷም ትንሿን አንስታ ለእኔ አሳለፉ፤ እኔም አፍሬ ስድስቷን ተውኳት። እንዲህ በጉሙ መሐል ስትዞር የማንም ያልሆነች ጨረቃ መሰለችኝ። በመጨረሻ ማዘር አንስተው «ለሚኪ ትሁን» ብለው ሰሌዳህ ላይ አኖሯት። ከዚያ ወዲያ ስድስት በወጣ ቁጥር ወዳንተ ሄደ፤ በእሱም የደንበኛ ካርድ እየገዛንልህ ቤትህ ጢም አለ። አሸነፍከን።

ወረቀቱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። ሰሎሜ «ጌታ ይፈውስህ» ትልሃለች። ጨዋታውን ልሰበስብ ስል ማዘር እጄን ያዙኝ፦ «የሚኪን ተወው፤ ባለቤቱ መጥቶ ይዝጋው።»

ምስክር