የመድረኩ ሬሳ

እሑድ፣ መጋቢት 17 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

እኔ የጻፍኩትን ቴአትር የኪነት ጓዶቹ ዛሬ በቀበሌው አዳራሽ አሳዩ። ምነው እጄን በቆረጠው! መጨረሻው ላይ አናርኪስቱ ተረሽኖ ሲወድቅ ሕዝቡ ያጨበጭባል ብዬ ነበር። ያጨበጨበ የለም። እትየ ዘይነባ ከመሀል ተነሥተው «ሰይዴ! ልጄን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ልጃቸው አምና ሲረሸን እንዳይለቀስለት ተከልክሎ ነበር። ወዲያው ሴቶቹ፣ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው አዳራሹን ለቅሶ ቤት አደረጉት። የወደቀው ተዋናይ መነሣት ፈርቶ እንደተጋደመ ቀረ።

ከቴአትሩ በኋላ ውይይቱ ሲከፈት የቀበሌው ካድሬ «ለፀረ አብዮት ነው የሚለቀሰው?» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ ለቴአትሩ ነው ጌታየ፤ አሳዘነን» አሉ እትየ ዘይነባ ፊታቸውን እየጠረጉ።

ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ፣ ከእንግዲህ ግድያው ከመጋረጃ ጀርባ እንዲሆንና ሬሳው እንዳይታይ አዘዘኝ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?

እትየ ዘይነባ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ።

«አላህ ይስጥህ የኔ ልጅ። መቼ ነው የምትደግሙት? እኅቴን ከውጫሌ ላስመጣት፤ እሷም አላለቀሰችለትም።»