ጎንበስ አትበይብኝ

ሰኞ፣ ጁላይ 7
እዚህ ኔደርላንድ፣ ካፔለ ባለው የአረጋውያን ቤት ከተቀጠርኩ አምስት ወር ሆነኝ። ዛሬ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀየሩኝ። ከሰፈሬ ከሻርሎይስ የምመጣበት ሜትሮ ባቡር ዘግይቶ እየሮጥኩ ደረስኩ። ፎቁ ጸጥ ያለ ነው፣ ወደድኩት። ብቻ መጨረሻ ክፍል ያሉት ሜቭራው (ወይዘሮ) ፋን ዴልደን ውሃ ሳቀብላቸው ብርጭቆውን ከእጄ ላይ መቱት። ምን አጠፋሁ?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8
ዛሬ ደግሞ ጮኹብኝ። "ውጪልኝ! ያቺ ዙስተር ሁለተኛ እንዳትገባ!" እዚህ ሁላችንንም ዙስተር ነው የሚሉን፣ ነርሷንም እኔንም።
ክው አልኩ። እንደ ወጉ በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ እጅ ነስቼ፣ መድኃኒታቸውን በሁለት እጄ ነበር ያቀረብኩላቸው። ወሎ ያሳደገኝ እንዲህ ነው። ዘጠና አንድ ዓመት የሞላቸውን ሴትዮ ተገትሬ ላናግራቸው?
ኃላፊያችን ማርሉስ ቢሮ ጠራችኝ። ቋሚ ኮንትራቴ ኦገስት ላይ ነው የሚወሰነው።
"ጎንበስ ትያለሽ እንዴ?"
"አዎ፣ አክብሮት ነው።"
"ተይው። ሜቭራው በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ልጅ ሆነው ጃቫ ውስጥ የጃፓን እስር ካምፕ ነበሩ፤ መጎንበስ ያንን ያስታውሳቸዋል። ሌላ ቅሬታ ከመጣ ኮንትራቱ ላይ ልረዳሽ አልችልም።"
አክብሬ ተከሰስኩ! እያለቀስኩ ነው ቤት የገባሁት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 9
ጃፓን ጃቫ ምን አገባት ብዬ ልጄን ሱዓድን ጠየቅኋት። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አያቷን በስልክ "አንቺ" ትላለች፣ ታሪክ ላይ ግን ጎበዝ ናት።
"እማ፣ ጃፓን ነዳጅ ፈልጋ ነው። ኔደርላንድ አልሸጥልሽም አለቻት፣ ስለዚህ ገብታ ወሰደችው።"
"ጃቫ የእነዚህ ናት እንዴ?"
"ኔይ! የኢንዶኔዥያ ናት። እነዚህም ድሮ ቅመም ፈልገው ነው የያዟት።"
"ጃፓን ከተሸነፈች በኋላስ?"
"እነዚህ እንደገና ሊገዙ ተመለሱ። ሕዝቡ እምቢ አለ። አራት ዓመት ተዋጉ።"
ሁለት ጌቶች በሰው ቤት ተጣሉ በይኛ። ባለቤቱን ማን ጠየቀው? የዚያ ሁሉ ጣጣ ሰማንያ ዓመት ዞሮ ዞሮ የእኔ ወገብ ላይ አረፈ...

ሐሙስ፣ ጁላይ 17
ቀጥ ብሎ መግባት እየተለማመድኩ ነው። ወገቤ አልታዘዝ ይለኛል። ዛሬ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ተገትሬ ቁርስ ሳቀርብ ማንኪያ ወደቀ። ላንሳ? ላንሳ ካልኩ መጎንበሴ ነው። በእግሬ አልጋው ሥር ገፋሁት። ሜቭራው አይተውኝ ሳቁ። ቁርሳቸውንም በሉ።

እሑድ፣ ጁላይ 27
ጸጉራቸውን ሳበጥር ሳልጠይቃቸው ጀመሩ። ካምፑ ውስጥ በየጠዋቱ ፀሐይ ላይ ያሰልፏቸው ነበር፣ ለጃፓን ወታደሮቹ እንዲያጎነብሱ። እናታቸው በደንብ አልጎነበስሽም ተብለው በጥፊ ተመቱ። ሜቭራው ያኔ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ አጠገባቸው ቆመው። እናታቸው ከካምፑ በሕይወት አልወጡም።
አንጀቴን በሉት። ግን ዝም ማለት አቃተኝ።
"ከጦርነቱ በፊትስ፣ ሜቭራው?"
"በፊትማ ለእኛ ነበር የሚጎነበሰው።" የአገሬው ሰው የሆነችው ሞግዚታቸው በአባታቸው ፊት ስታልፍ ቁጢጥ ብላ ነበር አሉ የምትሄደው። "አጭር ሴት ትመስለኝ ነበር።"
ማበጠሬን ቀጠልኩ። አዘንኩላቸው። ተናደድኩባቸውም።

ሰኞ፣ ኦገስት 4
ኮንትራቱን ፈረምኩ። አልሐምዱሊላህ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9
ጎረቤታችን ጋሽ ኸሚስ ሲመጡ ሱዓድ ከሶፋው አልተነሳችም። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ... እኔን መነሳት ማን አስተማረኝ? አባቴ። በምን? በአርጩሜ። አፌን ዘጋሁ። ቆይቶ ግን ከፋኝ። እኔ እኮ ለጋሽ ኸሚስ የምነሳው ስለምወዳቸው ነው... መሰለኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 15
ከሜቭራው ጋር ዴን ሃግ ከተማ ሄድን። በየዓመቱ በዚህ ቀን የዚያ ጦርነት ማብቂያ ይታሰባል። ሜቭራው "ይቺው ዙስተር ታድርሰኝ" ብለው ነው። የሰው ብዛት! ወንበራቸውን እየገፋሁ መታሰቢያ ሐውልቱ ጋ አደረስኳቸው። ሁለት ነጭ አበባ ይዘዋል። አንዱን "ለእናቴ" ብለው ሰጡኝ፣ አስቀመጥኩላቸው። ሌላውን አልለቅ አሉ።
"ይሄስ ለማን ነው?"
"ለሞግዚቴ።" የጃፓን ወታደሮች እነ ሜቭራውን ሲወስዱ በር ላይ ቆማ አልቅሳ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላዩዋትም።
"ማን ትባላለች?"
"'ባቡ' ነበር የምንላት። ሞግዚት ማለት ነው። ስሟን... ጠይቀናት አናውቅም።"
ከኋላችን ሰልፉ ይጠብቃል። አበባውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ፣ ፊቴን ትክ ብለው።
"አንቺስ፣ ዙስተር? ስምሽ ማን ነው?"
"ሙሂባ።"
"ሙ... ሙባ።"
"ሙ-ሂ-ባ።"
እስኪያስተካክሉት ድረስ ደጋገምኩላቸው።