የአባት ስም የሚለው ቦታ

ሰኞ

ስልክ ላይ የሚሠራው የካርታ ፕሮግራሜ ዛሬም ወደቀ። የአምቡላንስ ሹፌሩ ጋሽ ቱፋ ከሲሬ ደወሉልኝ። «አቦ ከድር፣ ካርታህ ሞተብኝ! ምጥ የያዛት ሴት ትጠብቀኛለች፣ እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ሰው እጠይቃለሁ!» ሴትየዋ በሰላም ተገላግላለች፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ ግን አፈርኩ። ፕሮግራሙ ክፍት ምንጭ ነው፣ ብዙ ሰው የሠራው፤ ለእኛ ወረዳዎች እንዲሆን የቀየርኩት ግን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ተማሪዎቼን ፈተና ላይ አስቀምጬ ካርታው ላይ ያሉትን ቦታዎች አንድ በአንድ ነካሁ። አሰላ ይከፈታል። ሮቤ ይከፈታል። ከሲሬ በላይ ያሉ መንደሮች ግን ገና ጣቴ ሲያርፍባቸው ፕሮግራሙ ጥርቅም ይላል። ስህተቱ «ነል» ነው፤ ኮዱ አለ ብሎ የጠራው ነገር የለም ማለት ነው። የሌለው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ረቡዕ

አገኘሁት። ምነው ባላገኘሁት።

አንድ ቦታ ሲከፈት የመዘገበው ሰው ስም ከሥሩ ይወጣል፤ ስሙና የአባቱ ስም የመጀመሪያ ፊደል። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባዶ ቢሆንስ ብዬ አላሰብኩም። የአባት ስም የሌለው ሰው የት አለ ብዬ!

የሚወድቁትን መንደሮች ሁሉ የመዘገበችው አንዲት በጎ ፈቃደኛ ናት። ስም፦ ሊዲያ። የአባት ስም፦ ባዶ። አድራሻ፦ ዴራ።

ልጄ ናት። አምና ሥልጠና ስሰጥ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ የእናቷ የጥሩወርቅ ነው፣ ግንባሯ የእኔ። ያኔውኑ አውቄያታለሁ። «ጥያቄ ያለው?» አልኩ፤ እጇን ስታወጣ ሌላ ሰው ጠራሁ።

ሐሙስ

ማስተካከያው ሁለት መስመር ነው፦ የአባት ስም ካለ ፊደሉን አሳይ፣ ከሌለ ስሙን ብቻ። ልጽፍ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ያቺ ባዶ ሳጥን ዓይኔ ላይ ቀርታለች። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ መሃል ላይ አቆምኩ። ሁሉም ከነአባቱ ነው። «ቲቸር፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ።

የሊዲያን እናት እንዳላገባ ቤተሰቦቼ ከለከሉኝ እል ነበር። ውሸት ነው። ጥሩወርቅ አርግዣለሁ ስትለኝ ማንም ምንም ሳይለኝ ነው የሸሸሁት።

ዓርብ

ሁለቱን መስመር ጻፍኩ። ጋሽ ቱፋ «አሁን ሁሉም ተከፈተ፣ ጎበዝ!» አሉ። ደስ አላለኝም።

ራት ላይ ለባለቤቴ ለዘይነባ ሁሉንም ነገርኳት። ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እስካሁን አላናገረችኝም።

ቅዳሜ

የሊዲያ ስልክ የምዝገባ ቅጹ ላይ ነበር። ሦስቴ ቁጥሩን ጽፌ አጠፋሁት። በአራተኛው ደወልኩ።

ማን እንደሆንኩ ልነግራት ስል «አውቃለሁ፤ ቁጥርዎ አለኝ» አለች። እርስዎ አለችኝ። ቤት ያሉት ልጆቼ አንተ ነው የሚሉኝ።

«የአባት ስም የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የነበረው በዚያ ነው» አልኳት። «ፈቃድሽ ከሆነ የእኔን ልጻፍበት?»

«ፕሮግራሙ እንዲሠራ ነው?»

«አይደለም። ፕሮግራሙን ትናንት አስተካክዬዋለሁ። ያለ እሱም ይሠራል።»

ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል፣ አህያም ታናፋለች። «እናቴን ልጠይቃት» አለች በመጨረሻ። ስልኩን ግን አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም። ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን ቆየን።